«መርፌ»፣ «ጠቀመ»፣ «ጣፈ»፦ የቀዳዳ ስፌት ቃላት

ጥያቄ፦ «መርፌ» ከ«ሰፋ» የወጣ ነው? «ጠቀመ» እና «ጣፈ»ስ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

መልስ፦ «መርፌ» የ«ሰፋ» ዘር አይደለም። ምንጩ የግእዙ «ረፍአ» ነው፤ ሰፋ ማለት ነው። ከእሱ «መርፍእ» ይወጣል፤ መነሻው መ የመሣሪያ ስም ያወጣል። በወንጌል «ስቍረተ መርፍእ» የምናነበው የመርፌ ቀዳዳ ነው። አማርኛ የመጨረሻዋን እ ጥሎ «መርፌ» አለው። ግሡ ግን በአማርኛ አልቀጠለም፤ ቦታውን «ሰፋ» ያዘው፤ እሱም ከግእዙ «ሰፈየ» ነው። ሞሰብና ሰፌድ የሚሰፋበት «ወስፌ» ደግሞ የ«ሰፈየ» ዘር ነው። ዐረብኛ «ረፈአ» ሲል የተቀደደ ልብስ መጠገኑን ነው። የዕብራይስጡን «ራፋ» (ፈወሰ) ሊቃውንት ከዚሁ ሥር ያዛምዱታል፤ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ሐኪሙን የሚጠሩበት «ሮፌ» ከዚያ የመጣ ነው። ቍስልም ቅዳጅም የሚገጠምበት ሥር መሆኑ ደስ ይላል።

ሌላ መልስ፦ በሁለተኛው ላይ ልጨምር። «ጠቀመ» የቅዳጁን ሁለት ከንፈር አገጣጥሞ መስፋት ነው፤ ሌላ ጨርቅ አይገባበትም። «ጣፈ» ግን ከላይ ወይም ከሥር ጨርቅ ደርቦ መስፋት ነው፤ የተደረበው «መጣፊያ» ወይም «እራፊ» ይባላል። ስለዚህ ጉልበቱ ሳስቶ የተበሳ ሱሪ ይጣፋል እንጂ አይጠቀምም፤ የሳሳውን ስቦ ማገናኘት ጎኑን ይቀደዋል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማርቆስ 2፥21 «አዲስ እራፊ» ለምን አሮጌውን ይቦጭቃል ታዲያ?

መልስ፦ ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ አሮጌው ግን ተሰብስቦ ጨርሷል። እራፊው ሲያጥር ዙሪያውን ይስባል፤ የሚለቀው ደግሞ የደከመው ወገን ነው። እራፊውን አስቀድሞ አጥቦ ማድረቅ፣ ከቀዳዳው በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አስፍቶ መቁረጥ፣ ጠርዙን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፎ መጣፍ ነው።

ለሚጠቀም ቅዳጅ ደግሞ ስፌቱ ከቅዳጁ ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይጀምር፤ ቅዳጅ የሚቀጥለው ከጫፉ ነውና። ክሩን አጥብቆ መሳብ ልብሱን ያሸበሽባል። ለጋቢና ለነጠላ የጥጥ ክር ይሻላል፤ ጠንካራው የናይለን ክር ለስላሳውን ፈትል ይበላዋል።