አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ሁለት ኮምፒውተር በአንድ መስመር አይሠራም እንዴ?

ባለ ሰርቪሱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን 4 ሜጋ መስመር አለ። ሞደሙ ሳሎን ነው፤ ዋይፋይ አለው፣ ከኋላውም አራት የኬብል ቀዳዳ። የእህቴ ዴስክቶፕ እዛው አጠገቡ በኬብል ተሰክቷል። እኔ የምኖረው ጓሮ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው፤ የኔ ዴስክቶፕ አሮጌ ስለሆነ ዋይፋይ የለውም። ስለዚህ 30 ሜትር ኬብል ገዛሁና በጣሪያው ጠርዝ ስቤ አመጣሁት። የሸጠልኝ ልጅ ጫፎቹን ገጥሞ፣ ኮምፒውተሬንም "አስተካክሎ" ሄደ። ቀን ላይ እንደ ጉድ ሠራ። ማታ ግን እህቴ ቀድማ ከከፈተች የኔ ጭራሽ አይገባም፣ እኔ ከቀደምኩ ደግሞ የሷ እምቢ ይላል። አሁን እንደ ዳቦ ሰልፍ ተራ እየጠበቅን ነው፤ አንዳንዴም በሩጫ። ልጁ ጋ ስደውል "መስመሩ ለአንድ ኮምፒውተር ነው፣ ሌላ አስገቡ" አለኝ። እውነት ነው? ስልኮቻችን እኮ አራቱም በዋይፋይ አብረው ይሠራሉ። ግራ የገባኝ እሱ ነው።

ቡና በጨው፦
4 ሜጋ ለሁለት ኮምፒውተር አይበቃም ወንድሜ። ከፍ አስደርጉት።

ገመድ ጎታች፦
ቡና በጨው፣ ባይበቃ ይንቀራፈፋል እንጂ አንዱን መርጦ አይዘጋም። ባለ ሰርቪሱ፣ ስልኮቹ አብረው ከሠሩ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። መስመሩ የሚያውቀው ሞደሙን ብቻ ነው። ከሞደሙ ወዲህ ላለው ዕቃ ሁሉ፣ ስልክም ይሁን ኮምፒውተር፣ ሞደሙ ራሱ የቤት ውስጥ ቁጥር ያድላል፤ ከውጭ የመጣውንም በዚያ ቁጥር ለይቶ ለባለቤቱ ይሰጣል። እኔ የጠረጠርኩት ያ ልጅ ቁጥሩን በእጁ ጽፎ እንዳይሆን ነው። ሁለታችሁም ኮምፒውተራችሁን ክፈቱ። ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብለህ ጥቁሩን መስኮት አምጣ፣ አይፒኮንፊግ ብለህ በእንግሊዝኛ ሳትነጣጥል ጻፍና ኢንተር ምታ። አይፒቪ4 ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር የሁለታችሁንም ላክልን።

ባለ ሰርቪሱ፦
እህቴ ናት ቀድማ የከፈተችው። የሷ 192.168.1.10 ይላል። የኔ ግን 169.254 ብሎ የሚጀምር ረጅም ነገር ነው። አዎ፣ አሁን ትዝ አለኝ፤ ጥግ ላይ አንዲት ማስጠንቀቂያ ብቅ ትል ነበር፣ ሳላነባት ነው ሁሌ የምዘጋት።

ገመድ ጎታች፦
ያቺን ማስጠንቀቂያ ብታነባት እዚህ አንገናኝም ነበር። 169.254 ማለት ኮምፒውተርህ የሚገባውን ቁጥር አጥቶ ለራሱ የፈጠረው ነው፤ በሱ ኢንተርኔት አይገባም። አሁን የእህትህን አጥፍተህ የራስህን እንደገና አስነሳና እይ፤ 192.168.1.10 ካለ ነገሩ አለቀ። ሁለት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ተለጥፎባቸዋል ማለት ነው፤ ቀድሞ የያዘው ይኖርበታል።

ባለ ሰርቪሱ፦
ኧረ ጉድ! ራሱ 192.168.1.10! የእህቴንም አምና ያስተካከለው ያው ልጅ ነው።

ገመድ ጎታች፦
ለሁሉም ደንበኛ ያቺኑ ቁጥር የሚጽፍ ይመስለኛል፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ካለ ማንም አያውቅበትም። አሁን በሁለቱም ላይ ይህን አድርግ። ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ኔትወርክ፣ ከዚያ ቼንጅ አዳፕተር ሴቲንግስ። ኤተርኔት የሚለውን በቀኝ ተጫንና ፕሮፐርቲስ። አይፒቪ4 ላይ ሁለቴ ምታ። የተጻፈ ቁጥር ታገኛለህ፤ ከላይም ከታችም "ኦብቴይን አውቶማቲካሊ" የሚለውን ምረጥና ኦኬ በል። ሞደሙ ራሱ የተለያየ ቁጥር ይሰጣችኋል። ሌላ መስመር ማስገባት ቀርቶ አንዲት ሳንቲም አታወጣም።

የማታ ተማሪ፦
ባለ ሰርቪሱ ወንድሜ፣ ለሌላ ጊዜ ይጠቅምሃል፤ እኔ ያንን ሁሉ ኬብል አልሳብኩም። አንድሮይድ ስልኬን ከዋይፋዩ ጋር አገናኘሁና በቻርጀሩ ገመድ ዴስክቶፑ ላይ ሰካሁት፣ ከዚያ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አበራሁ። ስልኩ የቤቱን ዋይፋይ ለኮምፒውተሩ ያቀብላል፤ የሞባይል ዳታ እንዳይቆጥርብህ ግን ዳታውን አጥፋው። ችግሩ ሰው ሲደውል ስልኩን ነቅለህ ትሮጣለህ።

ባለ ሰርቪሱ፦
ሠራ!! ሁለታችንም አንድ ላይ ገብተናል፣ ገመድ ጎታች እጅህ ይባረክ። የኔ አሁን መጨረሻው 4 ሆኗል፣ የሷ 7። ግን ቡና በጨው ያለው ነገር ትንሽ እውነት አለው መሰለኝ፤ የእህቴ ዊንዶውስ አፕዴት ማውረድ ሲጀምር የኔ ይንፏቀቃል።

ገመድ ጎታች፦
ያ ሌላ ጉዳይ ነው። 4 ሜጋ ሲባል ቢት ነው፤ ለስምንት ስታካፍለው በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት፣ ያውም ቢበዛ። የሷ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ የኔትወርኩ ሴቲንግ ውስጥ ሜተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብራው፤ አብዛኛውን አፕዴት ሳትጠይቀው አያወርድም። ግን ለዘለዓለም እንዳትተዉት፣ ሳምንት በሳምንት ሌሊት ላይ አውርዱት። ደግሞ ያ ጣሪያ ላይ ያለው ኬብል የቤት ውስጥ ዓይነት ከሆነ ፀሐይ ልጣጩን ይሰነጣጥቀዋል። ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገባው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ሁለቱንም ጫፍ ንቀል፤ እኔ አንድ ሞደምና አንድ ማዘርቦርድ በአንድ ከሰዓት የቀበርኩት በእንደዚህ ዓይነት ገመድ ነው።

ባለ ሰርቪሱ፦
የኔ ነጭ ቀጭን ነገር ናት፣ የቤት ውስጥ መሆን አለባት። ከውሃ መስመር የተረፈ ቱቦ ጓሮ አለ፣ እሁድ እወጣለሁ። እህቴ "መሰላሉን እኔ እይዛለሁ፣ ግን አፕዴቴን አትንካብኝ" ብላለች።