የገጠር የኪራይ ቤቶችን በአካባቢው ማገዶ ማሞቅ ይገባልን?

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፦ ብርድ በሚበረታባቸው የገጠር አካባቢዎች የሚገኙ የኪራይ ቤቶች ከሩቅ በሚጓጓዝ ናፍጣ ወይም ጋዝ ከሚሞቁ ይልቅ በቅርብ ደን ማገዶ ቢሞቁ ይሻላል እላለሁ። ለነዳጅ የሚወጣው ገንዘብ እዚያው ይቀራል፤ የተጨናነቀ ደን ለማሳሳት የሚቆረጡ ቀጫጭን ዛፎችና የእንጨት መሰንጠቂያ ተረፈ ምርትም ገበያ ያገኛሉ።

ተከራይ፦ በሐሳቡ ቅንነት ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ ሆኖም ማገዶውን የሚመርጠውና ጭሱን የሚተነፍሰው አንድ ሰው አይደለም። በተከራየሁት ቤት ለሁለት ክረምት የቀረበልኝ ፍልጥ አዲስ የተቆረጠ ነበር። እሳት ውስጥ ሲገባ ከጫፉ አረፋ እየደፈቀ ይንሸሸሽ ነበር፤ የምድጃው መስታወትም በሦስት ቀን ውስጥ ይጠቁር ነበር። ከአዲስ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ ከአንድ ኪሎ የሚገኘው ሙቀት 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ግን 4 ያህል ይሆናል። እኔ የከፈልኩት ውሃ ለማትነን ነበር።

አከራይ፦ ወቀሳው ተገቢ ነው፤ ግን ጥፋቱ የእርጥበቱ እንጂ የእንጨቱ አይደለም። ተፈልጦ፣ ጎኑ ነፋስ በሚያስገባ ጣሪያ ሥር ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት የተደረደረ እንጨት ጫፉ ይሰነጣጠቃል፤ ሁለት ፍልጥ ሲያጋጩትም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ የተዘጋ ዘመናዊ ምድጃ ከእንጨቱ ኃይል 70 በመቶና ከዚያ በላይ ለቤቱ ሲሰጥ፣ ክፍት ምድጃ አብዛኛውን በጭስ ማውጫ ያስወጣል። ምድጃውን የምገዛው እኔ፣ በማገዶ ቁጠባ የሚጠቀመው ተከራዩ በመሆኑ፣ ብዙዎቻችን አሮጌውን እንዳለ እንተወዋለን። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ሌላ ተቃዋሚ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በአየር ውስጥ ለሚገኙ ደቃቅ ብናኞች ያስቀመጠውን ዓመታዊ መመሪያ በሜትር ኩብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጓል። ነፋስ በሌለበት ቀዝቃዛ ሌሊት የመንደር ጭስ እታች ተኝቶ ያድራል፤ ደረቅ እንጨት ብናኙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በተቆረጠው ዛፍ ምትክ ሌላ በቅሎ ሲነድ የወጣውን ካርቦን መልሶ እስኪይዝ ደግሞ አሥርት ዓመታት ያልፋሉ። በእኔ እምነት ከምድጃው በፊት የግድግዳውና የመስኮቱ ቀዳዳ መደፈን አለበት።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፦ ሐሳቤን አጠብባለሁ። ማገዶው ከተረፈ ምርትና ከደን ማሳሳት ብቻ ይምጣ። ቤቶች በተቀራረቡበት ሁሉ አንድ የጋራ ማሞቂያ ይተከል፤ አከራዩ ማገዶውን ይግዛ፣ ተከራዩ በቆጣሪ የተለካውን ሙቀት ብቻ ይክፈል። ያኔ እርጥብ እንጨት የሚያከስረው አከራዩን ስለሚሆን፣ ማድረቁን ማንም ሊጎተጉተው አያስፈልግም። ጭስ ማውጫውን በየዓመቱ ማስጠረግና ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ የካርቦን ሞኖክሳይድን የሚጠቁም ማንቂያ መትከልም የአከራዩ ግዴታ ይሁን፤ ጥላሸቱ ሲከማች በእሳት ሊያያዝ ይችላልና።

ተከራይ፦ በዚህ እስማማለሁ። ተነጥለው ለቆሙ ቤቶች ግን አንድ ነገር ይጨመር፤ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ከጭነቱ ጥቂት ፍልጦች ደጃፍ ላይ እንደገና ተፈልጠው እርጥበታቸው በመሣሪያ ይለካ። የሚለካውም አዲስ የተከፈተው የውስጥ ገጽ ይሁን፤ ውጩ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል።