ቅቤ የፈሰሰበት ቡልኮ እንዴት ይታጠብ?

ጥያቄ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቡልኮው የእጅ ፈትል ነው፤ ደረቁን 4 ኪሎ ይመዝናል፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ጥለት አለው። አንዱ ጥግ ላይ ቅቤ ፈሶበታል። ባለ 7 ኪሎ ማሽን ይችለዋል?

መልስ (ደሴ)፦ እህቴ፣ ማሽን ውስጥ እንዳታስገቢው። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ሲሽከረከር ወደ አንድ ጎን ይከመርና የእጅ ፈትሉን ማግ ይበጥሰዋል።

ውሃ ከመንካቱ በፊት ቅቤው ላይ ዱቄት ነስንሺበትና አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ቅባቱን ይመጥልሻል። አራግፊውና ትንሽ ላርጎ ጠብ አድርገሽ በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊው፣ አትፈትጊው። ሙሉውን ማጠብ ካለብሽ በትልቅ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሳሙናውን አስቀድመሽ አሟሚው፣ ከ15 ደቂቃ በላይ አትዘፍዝፊው፣ በእግርሽ እርገጪው። አረፋው እስኪጠፋ 3 ወይም 4 ጊዜ አለቅልቂው። ሳሙና ከቀረበት ሲደርቅ ይገረጣል፣ ድርቅ ብሎ ይሻክራል። ጠምዝዘሽ አትጭመቂው፤ አጣጥፈሽ ዘንበል ያለ ጣውላ ላይ ተጫኚውና ውሃው ይንጠፍጠፍ።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ ዋናው ችግር ማድረቁ ነው። በአንድ ገመድ ብቻ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። 3 ገመድ ጎን ለጎን ወጥሩና እንደ ድልድይ ዘርጉት፣ በየ2 ሰዓቱ ገልብጡት። ጨርቁ የደረቀ ቢመስልም ሁለቱ ፈርጅ የተጋጠሙበትን ስፌት በጉንጫችሁ ንኩት፤ ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ ታጥፎ ከተቀመጠ ይሻግታል። በደሴ ክረምት ጭጋጉ ስለማያደርቀው ጥቅምት እስኪገባ መታገስ ይሻላል፤ ካልሆነ እኛ ዘንድ ይምጣ፣ ፀሐዩ ይበረታል።

መልስ፦ ቡልኮ ሳይሆን የበግ ፀጉር ባና ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ሙቅ ውሃና ማሸት ያኮማትረዋል፣ በረኪና ደግሞ ፀጉሩን ይበላዋል። ለጥጡም ቢሆን በረኪና አይጠጋ። ብል የሚወደው ባናውን ነው። ለቡልኮ የሚያሰጋው እርጥበት ስለሆነ ፌስታል ውስጥ ሳይሆን በአንሶላ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ እጥፋቱም በየ2 ወሩ ቦታ ይቀይር።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ ጫን ብዬ አየሁት፣ ቀይ ሆነ።

መልስ (ደሴ)፦ እንግዲያ ጥለቱ ቀለም ይለቃል ማለት ነው፤ ሙሉውን አትንከሪው። የቅቤውን ጥግ ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ፤ ጥለቱ እንዳይነካ ከላይ አንጠልጥይው፣ ውሃው ወደ ታች ይፍሰስ። ቀሪውን ንፋስ ያግኘው።