ከትንንሽ ሠሪዎች ጥሩ ሚልድ ፓተር መግዛት ፈልጌ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰባተኛው ሆል፣ ቨርጂኒያ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እስካሁን ጎልፍ የምጫወተው ከስፖርት ዕቃ መደብር በገዛሁት ተራ ፓተር ነው፤ ፓተር ማለት ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የምናንከባልልበት ዱላ ነው። አሁን አንድ ደህና ነገር ገዝቼ ለዓመታት ልይዘው አስቤያለሁ። የምፈልገው ከድፍን ብረት በማሽን ተፈልፍለው የሚሠሩትን፣ ሚልድ የሚባሉትን ነው። ያውም ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ሳይሆን ከትንንሾቹ ሠሪዎች።

ቁመቴ 1.73 ሜትር ነው፣ በቀኝ ነው የምመታው። ያለኝ ፓተር 35 ኢንች ነው፤ ወደ ታች ዝቅ አድርጌ ነው የምይዘው። ብሌድ የሚባለውን ቀጭን ቅርጽ እወዳለሁ። አጭር ርቀት ላይ ስስት ብዙ ጊዜ ኳሷ በቀኝ በኩል ነው የምታልፈው። በጀቴ እስከ 600 ዶላር ነው።

ቤቲናርዲ፣ ኢቭንሮል፣ ሲሞር፣ ላብ፣ ባይረን ሞርጋን፣ ታይሰን ላምብ የሚሉ ስሞች አያለሁ። ለእኔ የትኛው ይሻላል? ካርቦን ስቲል ከስቴንለስ (ከማይዝገው ብረት) ይለሰልሳል የሚባለውስ እውነት ነው? ሳልሞክር በኢንተርኔት ባዝዝ ያዋጣኛል?

ቀስ በቀስ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ወንድሜ። የሠሪውን ስም ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ በቀኝ የምትስተው ለምን እንደሆነ እወቅ። ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው፣ ስትነካት የፓተሩ ፊት (ኳሷን የሚመታው ገጽ) ወዴት እንደዞረ ነው። ፊቱ 1 ዲግሪ ብቻ ቢዞር፣ ከ10 ጫማ ላይ ኳሷ ወደ 2 ኢንች ከመስመር ትወጣለች። የጉድጓዱ ስፋት ጠቅላላ 4.25 ኢንች ነው። ስለዚህ መሀሉን አልመህ የመታሃት ኳስ ጠርዙ ላይ ደረሰች ማለት ነው።

ያለህን ፓተር ዘንጉን ጣትህ ላይ አግድም አስቀምጠህ ሚዛን አስጠብቀው። ፊቱ ወደ ሰማይ ካየ፣ ምቱ ወደኋላም ወደፊትም ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ሰው ይስማማል። የጭንቅላቱ ጫፍ ወደ መሬት ከወደቀ ደግሞ ምቱ እንደ በር ከፈት ዘጋ ለሚል ሰው ነው የሚሆነው። ብዙዎቹ ብሌዶች ጫፋቸው ይወድቃል። ምትህ ቀጥ ያለ ሆኖ ጫፉ በጣም የሚወድቅ ፓተር ከያዝክ፣ ፊቱ ሳይዘጋ ኳሷ ላይ ይደርሳል። ያኔ በቀኝ ትወጣለች።

ቤትህ ምንጣፍ ላይ ክር ወጥር፤ ስልክህን ከላይ አድርገህ ምትህን ቅረጽ። ከተቻለ ደግሞ ፊቲንግ የሚሠራ፣ ማለትም ፓተሩን ለአንተ ልክ የሚለካ ባለሙያ ጋ ጎራ በል። ክፍያው ከምታወጣው 600 ዶላር አንጻር ትንሽ ነው።

ባለ ፍሬዛ፣ ዳላስ

ልጄ፣ እንጀራዬ ብረት የሚቆርጡት ማሽኖች፣ ቶርኖና ፍሬዛ ናቸው፤ ስለ ብረቱ ልንገርህ።

ብዙው ርካሽ ፓተር የሚሠራው ብረት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ነው። ሚልዱ ደግሞ ድፍን ብረት ሞርሳ ላይ ይታሰርና ኮምፒውተር የሚመራው ፍሬዛ እየላጠ ያወጣዋል። ጥቅሙ ልኩ ነው። ፊቱ ዝርግ ይሆናል፣ ማዕዘኑ የተባለውን ይሆናል፣ አሥረኛው ከመጀመሪያው አይለይም። ማሽኑን ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል። ከማሽኑ በፊት ያለው ንድፍና ከማሽኑ በኋላ ያለው እጅ ናቸው ሠሪን ከሠሪ የሚለዩት።

በእጅህ ስታገኘው ጥፍርህን ፊቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀስ አድርገህ ጎትት። መቁረጫው ያለፈበት መስመር ይሰማሃል። ጥሩ ሥራ ከሆነ ስሜቱ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቦታ ላይ ከነከሰህ መቁረጫው ደንዝዞ ነበር፣ ወይም ብረቱ ሲቆረጥ ተንቀጥቅጧል። ከዚያ ገልብጠው። ከፊቱ ጀርባ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ወደ ብርሃን አዙረህ የውስጥ ማዕዘኖቹን እይ። የቸኮለ ሰው ውጩን ያብረቀርቅና እዚያ ውስጥ የመቁረጫውን ጠባሳ ይተዋል። ታችኛው ጠርዝ በሁለቱም በኩል እኩል መዞሩንም ተመልከት። ዓይን ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አትናቀው።

ስለ አንገቱ፣ ማለትም ዘንጉ ከጭንቅላቱ ጋር ስለሚጋጠምበት ክፍል ጠይቅ። ከጭንቅላቱ ጋር ከአንድ ብረት ወጥቷል ወይስ ተበይዷል? አንድ ወጥ ሲሆን ብዙ ብረት ተልጦ ይጣላል፤ ሰዓትም ይበላል፤ ስለዚህ ይወደዳል። ይህ ማለት ግን ብየዳ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በእጅ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የሚበይዱት አንገቱን አንተ የምትፈልግበት ቦታ ለማስቀመጥ ነው። የጭንቅላቱን ጫፍ መውደቅ ማብዛትና ማሳነስ የሚቻለውም በዚሁ ነው።

ወደ ልስላሴው ልምጣ። 303 የሚባለው ስቴንለስ ለመቁረጥ እንዲመች ድኝ ይጨመርበታል። ፓተር ላይ የሚገባው ካርቦን ስቲል ካርቦኑ ዝቅተኛ ስለሆነ ለስላሳ ብረት ነው። ግን ኳሷና ፊቱ የሚነካኩት ከሰከንድ አንድ ሺኛ ላነሰ ጊዜ ነው። እጅህ ለሰለሰኝ የሚለው በአብዛኛው ጆሮህ የሰማውን ድምፅ ነው። ድምፁን ደግሞ የመስመሮቹ ጥልቀትም፣ የጭንቅላቱ ቅርጽም፣ የምትመታት ኳስም ይለውጡታል። ስለዚህ ለመሞከር ስትሄድ ሁልጊዜ የምትጫወትበትን ኳስ ይዘህ ሂድ። ሱቁ የሚሰጥህ ኳስ ሌላ ድምፅ ነው የሚያሰማህ።

የግሪን ዳሯ፣ ዱባይ

ስለ ካርቦን ስቲል አንድ ነገር ልጨምር ወንድሜ። ውበቱን አልክድም። ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ከፀሐይ አያንጸባርቅም፣ ዓይን ያሳርፋል። ግን ይዝጋል። እዚህ በበጋ ከቀዝቃዛ ክፍል አውጥተኸው በር ላይ ስትደርስ ብረቱ ያልበዋል። በላብ እጅ የነካኸው ቦታ ላይ በማግስቱ ቡናማ ነጥብ ታገኛለህ። ስለዚህ ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ የስፌት ማሽን ዘይት በጨርቅ ጫፍ ነክቶ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ፊቱ ላይ ዘይት እንዳይቀር መልሶ ማድረቅ። የጭንቅላቱን ሽፋን ዝናብ ወይም ጤዛ ካገኘው ቤት ስትገባ አውልቀው፤ እርጥብ ሽፋን ውስጥ ማሳደር የዝገት ዋናው ምክንያት ነው።

ይህን መንከባከብ የሚያስደስትህ ሰው ከሆንክ ግዛው። ካልሆንክ ስቴንለስ ውሰድ። ቨርጂኒያም ሞቃቱ ወቅት እርጥብ ነው።

ሌላው ክብደት ነው። 35 የነበረውን ቆርጠህ 33 ስታደርገው ጭንቅላቱ እጅህ ላይ ቀሎ ይሰማሃል። ለ34 እና 35 ኢንች ብዙ ጊዜ ወደ 350 ግራም ነው የሚሠራው፤ ለ33 ከዚያ ከበድ ማለት አለበት። ከትንሽ ሠሪ የማዘዝ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይኸው ነው። ቁመቱን ትነግረዋለህ፣ ጭንቅላቱን በዚያ ልክ አክብዶ ይሠራልሃል። እጀታውንም አብረህ አስብበት፤ ወፍራምና ከባድ እጀታ ሲገባ ሚዛኑ እንደገና ይቀየራል።

ቁጠባ፣ ሲያትል

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። የመጀመሪያህ ከሆነ ያገለገለ ግዛ። ጥሩ ሚልድ ፓተር በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ፊቱ ላይ ጠባሳ ከሌለ ትንሽ ጭረት ጨዋታህን አይነካም። ሳይስማማህ ቢቀር መልሰህ ስትሸጠው የምታጣው ትንሽ ነው። በስምህ ፊደል ተቀርጾበት የታዘዘ ፓተርን ግን ማን ይገዛሃል? ስምህን ማስቀረጽ ካማረህ ሽፋኑ ላይ አስጠልፈው።

ስትገዛ ግን ተጠንቀቅ። የታዋቂው ሠሪ የስኮቲ ካሜሮን ፓተር በብዛት ተመሳስሎ ይሠራል፤ ከማይታወቅ ሻጭ በጣም ረክሶ ካየኸው እለፈው። የትንንሾቹን ደግሞ ተከታታይ ቁጥሩን ፎቶ አስነስተህ ለራሱ ለሠሪው ላክለት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ የእኔ ነው አይደለም ይልሃል።

እሁድ ጠዋት፣ ቺካጎ

ስለ ስሞቹ ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልሞክር።

ብሌድ ከወደድክ ሥሩ የፒንግ ኩባንያ መሥራች ካርስተን ሶልሃይም በ1966 ያወጣው ፒንግ አንሰር የሚባል ፓተር ነው። ዛሬ ብሌድ የሚሠራ ሁሉ ማለት ይቻላል ያንን ቅርጽ በራሱ መንገድ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የምታወዳድረው ትንንሽ ልዩነት ነው፤ የላይኛው ጠርዝ ውፍረት፣ የትከሻው መዞር፣ የአንገቱ ርዝመት።

ቤቲናርዲ እዚሁ እኛ ዘንድ ቲንሊ ፓርክ ነው የሚሠራው። ፊቱ ላይ የማር እንጀራ የሚመስል መስመር የሚቆርጠው እሱ ነው። ጎልፈኛው ጂም ፊውሪክ በ2003 የአሜሪካን ኦፕን ውድድር ያሸነፈው በእሱ ፓተር ነበር፤ ያም ሜዳ፣ ኦሊምፒያ ፊልድስ፣ ከቲንሊ ፓርክ ሩቅ አይደለም። መደበኛ ብሌዶቹ በጀትህ ውስጥ ይገባሉ። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የምይዘው እሱን ነው።

ኢቭንሮል የጌሪን ራይፍ ሥራ ነው። ፊቱ ላይ ያሉት መስመሮች ከመሀል ወደ ዳር ስፋታቸው ይለያያል፤ መሀሉን ስተህ ብትመታም ኳሷ ተቀራራቢ ርቀት እንድትሄድ ታስቦ ነው። አንዴ ጫፉ፣ አንዴ ተረከዙ (ወደ ዘንጉ ያለው ጎን) ላይ ለሚመታ ሰው ይጠቅማል። የአንተ ችግር ግን አቅጣጫ ነው እንጂ ርቀት አይመስለኝም።

ለአንተ ሲሞርን በደንብ እይ። ስትቆም ጭንቅላቱ ላይ በሁለት ነጭ መስመሮች መሀል ያለችውን ቀይ ነጥብ ዘንጉ እንዲሸፍናት ታደርጋለህ። ነጥቧ ከታየች አያያዝህ ተዛብቷል። ፔይን ስቱዋርት በ1999 ፓይንኸርስት ላይ በመጨረሻው ሆል (ጉድጓድ) የማሸነፊያውን ምት አስገብቶ የአሜሪካን ኦፕን ሲወስድ የያዘው ሲሞር ነበር፤ ዛክ ጆንሰንም በ2007 ማስተርስን በሲሞር ነው የወሰደው። ስሙ ብዙ ባይነሳም ሐሳቡ ድንቅ ነው።

ላብ የሚባለው ኩባንያ ኦሬገን ነው ያለው። ምት ላይ ጭንቅላቱ በራሱ እንዳይዞር አድርገው ነው ሚዛኑን የሚሠሩት። ጄ ጄ ስፖን በ2025 ኦክሞንት ላይ የአሜሪካን ኦፕን ሲያሸንፍ ከ64 ጫማ ያስገባው በዚያ ነው። ብዙ የሚታወቁት ሰፋፊ ቅርጾቹ ናቸው፤ ብሌድ ለሚወድ ዓይን መጀመሪያ ይከብዳል። ግን በቀኝ መሳትህ ከፊቱ መዞር የመጣ ከሆነ አንድ ጊዜ መሞከር አለብህ።

ላምብ በጀትህን ያልፋል። ባይረን ሞርጋን ጋ ደግሞ ዋጋውንና የወረፋውን ጊዜ አስቀድመህ ጠይቅ።

ሰባተኛው ሆል፣ ቨርጂኒያ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቪዲዮውን ቀረጽኩት። ምቴ ካሰብኩት በላይ ቀጥ ያለ ነው፤ ያለኝ ፓተር ደግሞ ጣቴ ላይ ሳስቀምጠው ጫፉ በጣም ነው የሚወድቀው። ፊቲንግ የሚሠራውም ሰው ያንኑ ነው ያለኝ፤ 33.5 ኢንች፣ ጫፉ ብዙ የማይወድቅ። ብሌዱን ግን መተው አልፈልግም። ጋሼ ባለ ፍሬዛ፣ እርስዎ ያሉት የአንገት ነገር እዚህ ይሠራል? ብሌድ ሆኖ ጫፉ ብዙ የማይንጠለጠል ይገኛል?

ባለ ፍሬዛ፣ ዳላስ

ይገኛል ልጄ። ዘንጉ ወደ ጭንቅላቱ መሀል በተጠጋ ቁጥር ጫፉ መውደቁን ይቀንሳል። ሲሞሮቹን የጠቆመህ ልጅ ልክ ነው፣ ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚያ መንገድ ነው። ሌሎቹም አንገት ያማርጡሃል። ብሌድ ስጠኝ ብለህ ብቻ አትዘዝ። ርዝመቱን፣ የጭንቅላቱን ክብደት፣ የፊቱን ጋደልታ (ፊቱ ወደ ላይ የሚያዘነብልበትን ልክ)፣ የዘንጉን ማዕዘንና የአንገቱን ዓይነት በጽሑፍ ላክ። የፊቱ ጋደልታ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው የተለመደው። ስትመታ እጅህን ወደፊት የምትገፋ ከሆነ ጋደልታው ስለሚቀንስ ንገረው። ሜዳህ ሣሩ ረዘም ያለና ዘገምተኛ ከሆነም ትንሽ ከፍ ይሻላል።

ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር አስመልስ። በትዕዛዝ የተሠራውን ይመልሳሉ ወይ? በኋላ ማዕዘኑ ቢስተካከልልኝ ብትል ራሳቸው ያጥፉልሃል ወይ? ጥሩ ሠሪ ለእነዚህ ቀጥተኛ መልስ አለው። ውድድር የምትገባ ከሆነ ደግሞ ፓተሩ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበርን (ዩኤስጂኤን) ደንብ ማሟላቱን በጽሑፍ ያረጋግጥልህ።

ሰባተኛው ሆል፣ ቨርጂኒያ

እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲሞርንና ቤቲናርዲን ቅዳሜ ጎን ለጎን ልሞክር ነው፣ የራሴን ኳስ ይዤ። ስቴንለስ እንዲሆን ወስኛለሁ።

ቀስ በቀስ፣ ሜሪላንድ

ጥሩ ወስነሃል። ሲደርስህ ሽፋኑን አውልቀህ ወዲያው ወደ ሜዳ አትሩጥ። መጀመሪያ ፊቲንግ ወደ ሠራልህ ሰው ውሰደውና በመለኪያው ላይ አስቀምጦ ጋደልታውንና ማዕዘኑን ይለካልህ። ከጻፍከው ጋር ካልገጠመ፣ አንድም ኳስ ሳትመታበት ለሠሪው የመለኪያውን ፎቶ ላክ።