ካርታው 350 ካሬ፣ ግቢው 392፦ የውርስ ቤት ሽያጭ ተይዞብናል

ቤቱ አሮጌው ኤርፖርት ያለ የወላጆቻችን ቪላ ነው፤ ባለ 3 መኝታ፣ ብሎኬት፣ ከኋላ 2 ክፍል ሰርቪስ አለው። ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ሲሆን ካርታው አሁንም በሟች አባታችን ስም ነው። ወራሾች 4 ነን። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አለን፤ ዕዳና እገዳ የለበትም።

አሜሪካ ያለችው እህታችን መጀመሪያ የላከችው ውክልና «እንዲያስተዳድር» ብቻ ስለሚል አልሠራም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205)፤ «እንዲሸጥ፣ ስም እንዲያዛውር» የሚል ቃል አስገብታ በድጋሚ ላከች። እሱ አልቋል።

የተያዝነው ልኬቱ ላይ ነው። ስሙን ወደ ወራሾች ለማዞር ሲለካ 392 ካሬ ወጣ። ትርፉ 42 ካሬ በጓሮ በኩል ነው፤ የድሮው ቆርቆሮ አጥር በግንብ ሲተካ ወደ ውጭ ተገፍቷል፣ የሰርቪሱም አንዱ ክፍል ግማሹ እዚያ ላይ አርፏል። የጎረቤት ክርክር የለም። ገዢው በባንክ ብድር ነው የሚገዛው፤ የባንኩ ገማች ከካርታው ውጭ ያለውን አልቆጥርም ብሏል፣ ገዢው ግን (እውነቱን ነው) ግማሽ ክፍል ሊፈርስብኝ ይችላል ብሎ ቀብዱን ይዞ ቆሟል።

በአዋጅ 721/2004 መሠረት በውርስ ሲተላለፍ ነባርነቱ እንደሚቀጥል፣ ሲሸጥ ግን ገዢው ወደ ሊዝ እንደሚገባ እናውቃለን። ታዲያ ትርፉን 42 ካሬ እኛ ወራሾች በስማችን እያለ አስተካክለን እንሽጥ፣ ወይስ በ350ው ካሬ ስሙን አዛውረን ትርፉን ከዋጋው ቀንሰን ለገዢው እንተውለት?