አስቸኳይ፦ 25.8 ጠብቄ 12.9 ኪሎ ኦም ወጣብኝ!

የማርቆሷ፦ ቤተሰብ ድረሱልኝ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት የማስተርስ ሴሚናር አቀርባለሁ። መብራት ሄዷል፣ ላፕቶፔ 31 በመቶ ላይ ነው። ርዕሴ በድርብ ንብርብር ኳንተም ሆል ላይ የሚታይ ፌዝ ትራንዚሽን ነው፤ ማለትም ሁለት ስስ የኤሌክትሮን ንብርብሮች በጠንካራ ማግኔት ውስጥ ከአንድ ሁኔታ (ፌዝ) ወደ ሌላ ሲቀየሩ። ዴንሲቲው በካሬ ሴንቲ ሜትር 50 ቢሊዮን ኤሌክትሮን፣ የንብርብሮቹ ርቀት 28 ናኖ ሜትር። ፊሊንግ ፋክተር (የኤሌክትሮኑ ብዛት ማግኔቱ ለሚፈቅደው ቦታ ሲካፈል) 1 የሚመጣው 2.07 ቴስላ ላይ ነው። ርቀቱ ለማግኔቲክ ሌንግዝ (ማግኔቱ ለሚወስነው የኤሌክትሮን መዞሪያ ስፋት) ሲካፈል 1.57 ይሆናል። የትራንዚሽኑ ወሰን ከሆነው 1.8 በታች ስለሆነ ሁለቱ ንብርብሮች ተቆልፈው እንደ አንድ መሆን፣ 25.8 ኪሎ ኦምም መስጠት ነበረባቸው። የተሰጠኝ ዳታ ላይ ግን ፕላቶው (ሬዚስታንሱ ሳይለወጥ የሚቆይበት ደረጃ) 12.9 ነው። ኮዴ ተበላሸ?

ቡሬ በርበሬ፦ በ2 አባዢው። አለቀ።

ጋሽ መምህር፦ ልጆች፣ ከመሠረቱ እንጀምር። እንደ ፈረንጆቹ በ1980 ክላውስ ፎን ክሊትዚንግ የሆል ሬዚስታንስ (ከከረንቱ በአግድም የሚፈጠረው ቮልቴጅ ለከረንቱ ሲካፈል) በደረጃ እንደሚሄድ አየ። በ1985 ኖቤል ተሸለመ። የመጀመሪያው ደረጃ 25,812.8 ኦም ነው። ስለዚህ ማንም ተማሪ አስቀድሞ የላንዳው ሌቭልን፣ ማለትም ኤሌክትሮን በማግኔት ውስጥ የሚይዘውን የኢነርጂ እርከን...

አባይ ማዶ፦ ጋሼ፣ ባትሪዋ!

ጮቄ ብርዱ፦ ወንድሜ፣ ፌዝ ትራንዚሽን ነው ወይስ ፌዝ ብቻ?

የማርቆሷ፦ እህትህ ነኝ። ፌዙ ይቆየን። 27 በመቶ።

ቡሬ በርበሬ፦ በ2 አባዢው አልኩሽ እኮ።

አባይ ማዶ፦ እኔ 1.8 የምትይውን ራሱ አልቀበልም። ኤሌክትሮኖቹ ከንብርብር ንብርብር በደንብ የሚሾልኩ ከሆነ ወሰኑ ከፍ ይላል። እንደ ናሙናው ነው።

ዳሞት፦ ቆይ። 50 ቢሊዮኑ የሁለቱ ድምር ነው ወይስ የያንዳንዱ?

የማርቆሷ፦ የያንዳንዱ። ግልጽ አይደል እንዴ?

ዳሞት፦ ኧረ አይደለም! ኮድሽ ጤነኛ ነው። 2.07 ላይ እያንዳንዱ ንብርብር ለብቻው 1 ሞልቷል፣ ድምሩ 2 ነው። ሁለት 25.8 በፓራለል ሲገናኙ 12.9 ይሆናሉ። ለዚህ ንብርብሮቹ መተዋወቅም አያስፈልጋቸው። የምትፈልጊው ድምሩ 1 የሚሆንበትን ነው፤ እሱ 4.14 ቴስላ ላይ ነው። 25.7ን (የማግኔቲክ ሌንግዝ ቀመር ቋሚ ቁጥር ነው፣ ከ25.8 ኪሎ ኦሙ ጋር አታምታቺው) ለ4.14 ስኩዌር ሩት አካፍዪ፣ ማግኔቲክ ሌንግዙ 12.6 ናኖ ሜትር ይመጣል። 28 ለ12.6 ሲካፈል 2.2። ከወሰኑ በላይ ነሽ። ዳታሽ 4.14 ላይ ፕላቶ አለው?

የማርቆሷ፦ የለውም! ዝም ብሎ ያልፋል። ጥቅም የለውም ብዬ ቆርጬ ጣልኩት እኮ።

ዳሞት፦ መልሺው! የሴሚናርሽ ዋናው እሱ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር ግማሽ ሞልቶ በየፊናው እንደ ብረት የሚሆንበት ፌዝ ነው። ሌላኛው፣ የተቆለፈው ፌዝ እንዲመጣ ዴንሲቲው በጌት ቮልቴጅ (ከውጭ በሚሰጥ ቮልቴጅ) መውረድ አለበት። ድምሩ 66 ቢሊዮን አካባቢ ሲደርስ 1.8ን ይነካል። ድምሩ 50 ከሆነ ያ 1.57ሽ ትክክል ነው፤ ናሙናው በደንብ ከቀዘቀዘ 25.8ም ይመጣል።

ጮቄ ብርዱ፦ ቅዝቃዜ ከሆነ እኛ ጋ አምጪው። ግን የምር፣ ሳይሾልኩ እንዴት ይቆለፋሉ?

ዳሞት፦ ፎቅና ምድር ቤት የተደገሰበት ሠርግ አስብ። ላይ ሰው የተቀመጠበት ትይዩ፣ ታች ወንበሩ ባዶ ነው። ኤሌክትሮኑ ከባዶው ጋር ይጣመራል፣ ኤክሳይቶን ይሉታል። የሚያጣምራቸው የኤሌክትሮኖቹ መገፋፋት ነው። እህቴ፣ በምን ታወቀ ካሉሽ፦ በፈረንጆቹ 2000 የካልቴኩ (የካሊፎርኒያው የቴክኖሎጂ ተቋም) የአይዘንስታይን ቡድን ዜሮ ቮልት አጠገብ ትልቅ የተነሊንግ (የመሹለክ) ጫፍ አሳየ። በ2004 ደግሞ ከረንቱን በሁለቱ ንብርብሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲለቁት የሆል ቮልቴጁ ጠፋ ማለት ይቻላል። ጥንዱ ቻርጅ የለውማ፣ መግነጢሱ ምኑን ይገፋዋል?

አባይ ማዶ፦ በፈረንጆቹ 2017 በግራፊንም (በስሱ የካርቦን ንጣፍ) ታይቷል፣ ጨምሪው። ትራንዚሽኑ ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ ቢሉሽ ግን አትማዪ፤ አሁንም ያከራክራል።

የማርቆሷ፦ 9 በመቶ። እግዜር ይስጥልኝ ዳሞት፣ ስላይዱን እያስተካከ

ጋሽ መምህር፦ እንግዲህ ወደ ላንዳው ሌቭል ስንመለስ...

ጮቄ ብርዱ፦ እህታችን፣ ሴሚናሩ እንዴት ሆነ?

አባይ ማዶ፦ ሦስት ቀኗ። ጠፋች።

የፍኖተ ሰላሙ፦ አሁን ነው ያየሁት። በ2 አባዢው።