ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት ልዛወር?

ጠያቂ (ድሬዳዋ)፦ በሒሳብ ሠራተኛነት ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። አንድ አገር በቀል ድርጅት የተሻለ ደመወዝ ቢያቀርብልኝም ውሉ የአንድ ዓመት በመሆኑ አመንትቻለሁ።

መልስ (ሐረር)፦ ውሉ የሚታደሰው ለፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲገኝ ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ያለ ሥራ ቀርቻለሁ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ (እንደ ቢሮ ሠራተኞች ደመወዝ ያለው) ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ ስለማይችል፣ የሒሳብ ክፍሉ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የነዳጅ ደረሰኝ ከመስክ ጉዞ ቅጽ ጋር ሲያመሳክሩ ያመሻሉ።

መልስ (ድሬዳዋ)፦ እውነት ነው። ሆኖም በአንድ ገጠር ቀበሌ ውኃ በአህያ ያመላልሱ የነበሩ እናት፣ ቦኖው የተከፈተ ዕለት እጄን ይዘው የመረቁኝን አልረሳውም፤ የቤት ኪራይ ግን በምርቃት አይከፈልም። ከመፈረምዎ በፊት ገንዘቡ ከስንት ለጋሾች እንደሚመጣ ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ ጠይቄ ለጋሹ አንድ ብቻ መሆኑን ተረዳሁ።